አቀበት ላይ የቆመ ሽማግሌ

የሁዳዴ ቅበላ እሑድ፣ ጋሬ ተራራ ወገብ ላይ፤ ከአዲስ አበባ ከመጣው የእግር ጉዞ ቡድን ወደ ኋላ የቀሩ ሁለት የስልሳ ምናምን ዓመት ጎረቤታሞች፦ ጡረተኛው ዳኛ አስራደ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ ጡረተኛው አገር አቋራጭ ሾፌር ይርዳው በሙሉ ልብስና በቆዳ ጫማ ፊቱ ቆሞ።

አስራደ፦ ተቀመጥ አልልህም! ብትፈልግ ቁም፣ ብትፈልግ ድንጋይ ተደገፍ፣ ብትፈልግ እንደ ባሕር ዛፍ እዚሁ ሥር ስደድ። «ተቀመጥ» የሚለውን ቃል ግን ከአፌ አታስወጣም።

ይርዳው፦ እኔ መቼ ልቀመጥ አልኩ? ሽማግሌ የመጣበት ጉዳይ ሳይሰማለት አይቀመጥም። ሕጉን ያወጡት አባቶቻችን ናቸው፤ እኔ ጉልበቱን ብቻ ነው ያዋጣሁት።

አስራደ፦ አባቶቻችን ያወጡት ለሳሎን ነው። «ኧረ ተቀመጡ፣ ኧረ በሞቴ» እየተባሉ ምንጣፍ ላይ ለሚግደረደሩበት። ለተራራ አላወጡም።

ይርዳው፦ ሳሎንህማ ሦስት እሑድ መጣን። የመጀመሪያው እሑድ ለቅሶ ሄዷል ተባልን። ሁለተኛው እሑድ አሞት ተኝቷል ተባልን፤ ሻምበል ውብሸት በመስኮት አጮልቆ ሲያይ ጋዜጣ ታነባለህ። ሦስተኛው እሑድ በሩ ተቆልፎ ጠበቀን። ወጥቶ ያናገረን ውሻህ ብቻ ነው።

አስራደ፦ ምን አላችሁ?

ይርዳው፦ ካንተ ይሻላል። ቁርጡን ነገረን።

አስራደ፦ ስማ ይርዳው፣ እኔ ዛሬ የመጣሁት ለጤናዬ ነው። ሶስና ናት ያስመዘገበችኝ። «አባዬ፣ ቅበላን ቤት ተኮራምተህ ከምትውል ሃይኪንግ ውጣ፣ ሐይቅ አለው፣ ፏፏቴ አለው» ብላ። ልጄ እኮ ለኔ ታስባለች።

ይርዳው፦ እሱስ ታስባለች።

አስራደ፦ ጠዋት አውቶቡሱ ውስጥ ስገባ፣ ወጣቱ ሁሉ ቁምጣ ለብሶ እየዘፈነ፣ ከኋላ ወንበር ሦስት ሽማግሌ ክራቫት አስሮ ተደርድሯል። የቀብር መኪና የተሳፈርኩ መሰለኝ።

ይርዳው፦ ልንዛመድህ እንጂ ልንቀብርህ አልመጣንም። በል እንግዲህ ጀመርኩ። እህ… እህ። የተከበሩ አቶ አስራደ፣ ዛሬ በፊትዎ የቆምነው፣ የክርስትና ልጄን ኪሩቤልን ከልጅዎ ከሶስና ጋር—

አስራደ፦ ኧረ ያቺን ወፍ እያት! ክንፏን አየኸው?

ይርዳው፦ ቁራ ነው።

አስራደ፦ የተራራ ቁራ ልዩ ነው።

ይርዳው፦ ልዩም ሆነ ተራ፣ ቁራ ቁራ ነው። እኔ የምልህ፣ አፌን በከፈትኩ ቁጥር ወይ ያስልሃል፣ ወይ ስልክ ይጠራብሃል፣ ወይ ወፍ ታያለህ። እስከ መቼ ነው?

አስራደ፦ እኔ የሕግ ሰው ነኝ። የተጠየቀ አባት ወይ እሺ ነው ወይ እምቢ ነው። ያልተጠየቀ አባት ግን ነፃ ሰው ነው። ክስ ሳይቀርብ መልስ የሚሰጥ ተከሳሽ አይቼ አላውቅም።

ይርዳው፦ እሺ፣ ክሱን አቅራቢዎች ቆመናላ!

አስራደ፦ «ቆመናል» ማን ናችሁ? እኔ የማየው አንድ ሰው ነው።

ይርዳው፦ ሦስት ነን።

አስራደ፦ ጥራቸዋ።

ይርዳው፦ ሻምበል ውብሸት አውቶቡሱ ውስጥ ነው። የመጀመሪያዋን ዳገት አይቶ «እኔ ለማፈግፈግ ነው የሠለጠንኩት» ብሎ ካልሲውን አውልቆ እግሩን በቫዝሊን እያሸ ነው። አቶ ጌጡ ደግሞ ፈረስ ተከራየ።

አስራደ፦ ታዲያ ፈረሱ የታለ?

ይርዳው፦ ቤቱ ሄደ።

አስራደ፦ ጌጡስ?

ይርዳው፦ ፈረሱ ላይ ነዋ!

አስራደ፦ እንግዲያው ሽማግሌ ማለት ሦስት ነው። አንድ ሰው ሽማግሌ አይባልም፣ አላፊ አግዳሚ ነው የሚባለው። ምልአተ ጉባኤው ስላልተሟላ ጉዳዩ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል።

ይርዳው፦ ቀጠሮ! ሠላሳ ዓመት ችሎት ተቀምጠህ የሰጠኸው ቀጠሮ አልበቃህም? አንተ ፊት ክስ የከፈተ ሰው ፍርዱን የሚሰማለት የልጅ ልጁ ነው ሲባል አልነበር?

አስራደ፦ ስም ማጥፋት ነው። እንደዚያ የሆኑት ሁለት ብቻ ናቸው።

ይርዳው፦ ነገ ሁዳዴ ይገባል፣ አስራደ። ሁዳዴ ከገባ ሽማግሌው ይጾማል፣ ሰርገኛው ይጾማል፣ አንተማ ጭራሽ ሱባኤ ገብቻለሁ ብለህ ትሰወራለህ። ዛሬ እሺ ካላልክ ሰርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ አይደርስም። ልጁ ደግሞ ከዳግማይ ማግሥት ለሥራ ጂንካ መሄዱ ነው። ወይ ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፣ ወይ እሱ እዚያ እሷ እዚህ ሆነው ያንተን ቀጠሮ ይቆጥራሉ። ዛሬ ነው ቁርጡ።

አስራደ፦ ተነስ እንሂድ ልልህ ነበር፤ ለካ ቆመሃል። በል ና፣ ወጣቶቹ ጥለውን ሄዱ። ኡፍ! ይሄ ቦርሳ ደግሞ ምን ነካው? ውስጡ ሰው አለ እንዴ?

ይርዳው፦ ወዲህ በለው፣ ልያዝልህ።

አስራደ፦ አትነካም! «ቦርሳውን ተሸክሜለት እንኳ» ብለህ ሰፈር ልታወራብኝ? ምሳ ነው ብላ ነው ያሸከመችኝ። ምሳ እንዲህ አይከብድም። ልጅቷ ጠረጴዛውንም አብራ ሳትከተው አልቀረችም።

ይርዳው፦ እንግዲያው ቻለው። እኔም የራሴን ችያለሁ፤ አርባ ዓመት መሪ ጨብጬ ተቀምጬ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከሞያሌ ሁመራ ተቀምጬ ነው የደረስኩት። እግዜር «ቁም» ያለኝ ገና ዛሬ ነው።

አስራደ፦ ድምፅ ማጉያ የያዘው አስተባባሪ ምንድን ነው እንዲህ የሚጮኸው?

ይርዳው፦ «ኢነርጂ! ኢነርጂ!» ነው የሚለው።

አስራደ፦ ምን አድርጉ ነው?

ይርዳው፦ ጉልበት አውጡ ነው። እሱ ጩኸቱን ያወጣል፣ እኛ ጉልበቱን። ቅድም እንጨት የተሸከሙ እናት ሲያልፉን ምን እንዳሉኝ ሰምተሃል?

አስራደ፦ ትንፋሼን እየሰማሁ ነበር።

ይርዳው፦ «ልጆቼ፣ ማን አባሯችሁ ነው?» አሉኝ።

አስራደ፦ ምን አልካቸው?

ይርዳው፦ «እሱን ሽማግሌ፣ እኔን የሰው አደራ» አልኳቸው። ከንፈራቸውን መጠው፣ «አይዟችሁ፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለውኝ እሳቸው ሽው ብለው አለፉ።

አስራደ፦ እንቁላሉ ይሄን አቀበት አላየም። ቢያየው እዚያው ቅርፊቱ ውስጥ ጡረታ ይወጣ ነበር።

ይርዳው፦ በል ደርሰናል፣ አታማርር። ይኸውልህ ፏፏቴው።

አስራደ፦ የቱ?

ይርዳው፦ ያ፣ ድንጋዩ ላይ ብልጭ የሚለው።

አስራደ፦ ይሄ? ይሄ እኮ ላብ ነው! ድንጋዩ አልቦት ነው። የሰፈራችን ቧንቧ ፈረቃው በሚደርስበት ቀን ከዚህ ይሻላል። ማስታወቂያው ላይ እኮ ጢሱ ሰማይ የነካ ነበር!

ይርዳው፦ ፎቶው ነሐሴ ነው፣ እኛ የካቲት ነን። እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ ይባል የለ? እኔ ደረስኩ፤ ያልፈሰሰው እሱ ነው።

አስራደ፦ ያቺ ልጅ ደግሞ ምን ሆና ነው መሬት ላይ የተዘረጋችው? ራሷን ሳተች?

ይርዳው፦ ፎቶ እያነሳች ነው። ከታች ወደ ላይ ሲያነሱት ጠብታውም ፏፏቴ ይመስላል።

አስራደ፦ አየህ! መሬት ላይ ተኝተው ካዩት ሁሉም ነገር ትልቅ ነው። ያንተም የክርስትና ልጅ እንደዚያው ነው።

ይርዳው፦ እዚህ ላይ አቁም! እኔን እንዳሻህ፣ ኪሩቤልን ግን ተው። ነውሩን ንገረኝና እኔው ወርጄ «እምቢ ተብለሃል» ልበለው። ይጠጣል?

አስራደ፦ አይጠጣም።

ይርዳው፦ ሥራ ፈት ነው?

አስራደ፦ መሐንዲስ ነው፤ እንዲያውም ሥራ ይበዛበታል።

ይርዳው፦ ሰው አያከብርም?

አስራደ፦ አበዛው እንጂ! ባለፈው መንገድ ላይ አይቶኝ እጅ ሲነሳ በግንባሩ የመብራት እንጨት ገጨ። እንጨቱንም ይቅርታ ጠየቀው።

ይርዳው፦ ታዲያ ምን ይሁን ነው የምትለው?

አስራደ፦ ነውር የለውማ! ነውሩ ይኸው ነው! ትንሽ፣ ቅንጣት ታህል ነውር ቢኖርበት እኮ እምቢ ብዬ እገላገል ነበር። ደህና ሰው ላካችሁብኝ። ለደህና ሰው ምን ይባላል?

ይርዳው፦ እሺ ይባላል።

አስራደ፦ አይወጣኝም።

ይርዳው፦ ምን ረዝሞብህ? «አልተሟላም፣ ለሌላ ቀን ተቀጥሯል» ብለህ ስትዘረግፈው ያልደከመህ ሰውዬ!

አስራደ፦ አንተ የአምስት ልጆች አባት ነህ። ቤትህ ገበያ ነው፤ አንዱ ሲወጣ አንዱ ከነልጁ ይገባል። እኔ ቤት ባለቤቴ ጸዳለ ካረፈች ወዲህ ያለው ድምፅ አንድ ነው። ሶስና ከሥራ ስትመጣ ቁልፏ በሩ ላይ ሲዞር፣ ቀጭ ሲል። እሱን ስሰማ ነው ሬዲዮኑን የማጠፋው። ጂንካ ከሄደች ሬዲዮኑን መቼ ነው የማጠፋው?

ይርዳው፦ እስቲ ድንጋዩን ልደገፍ።

አስራደ፦ አሁን ምን ዘጋህ? ቅድም እንደ ጉድ ስታወራ አልነበር?

ይርዳው፦ እግሬን አሞኝ ነው።

አስራደ፦ እግር አፍን ይዘጋል?

ይርዳው፦ የኔ ይዘጋል። ግን አንድ ነገር ልጠይቅህ፣ በሽምግልና አይደለም፣ በጉርብትና ነው። ሁለተኛው እሑድ በር ላይ ወጥታ «አባዬ አሞት ተኝቷል» ያለችን ማን ናት?

አስራደ፦ ሶስና ናት። ሌላ ማን አለኝ?

ይርዳው፦ የራሷን ሽማግሌ ከደጇ የመለሰቻት ራሷ ናት፣ አስራደ። ጋዜጣህን ዘርግተህ ልጅህን በራሷ ላይ አስዋሸሃት። ስትነግረን ዓይኗ መሬቱን ነው የሚያየው። ያ ተረበኛ ጌጡ እንኳ ቤቱ እስኪደርስ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

አስራደ፦ …ሐይቁ ከላይ ነው አሉ። እንሂድ።

ይርዳው፦ ሂድ፣ እየተከተልኩህ ነው። ወይኔ! ወይኔ ጫማዬ!

አስራደ፦ ምን ሆነ?

ይርዳው፦ ሶሉ ተገነጠለ። ይኸው፣ ከአንተ በፊት ጫማዬ አፉን ከፈተ።

አስራደ፦ ማን በቆዳ ጫማ ተራራ ውጣ አለህ?

ይርዳው፦ ታዲያ በሸራ ጫማ ሽምግልና ልምጣ? «ልጄን ንቆ መጣ» ልትለኝ? አውቅሃለሁ እኮ፤ ሰበብ ስትፈልግ ክራቫቴ ጠመመ ብለህም ትቀጥረኛለህ። ይሄ ጫማ የመጀመሪያ ልጄን የዳርኩበት ነው። ያከበርኩህ መስሎኝ ነው።

አስራደ፦ በል እጄን ያዝ። ዝም ብለህ ያዝ፣ ውለታ አልቆጥርም። ድንጋዩ ያንሸራትታል… ሌላ ትንሽ… ይኸው።

ይርዳው፦ እሰይ።

አስራደ፦ ሐይቁስ እውነት ነው።

ይርዳው፦ እውነት ነው። እንደ ፏፏቴው አልዋሸም። ሰማዩን ግልብጥ አድርጎ የያዘው ይመስላል።

አስራደ፦ ጸዳለ ብታየው «ልብስ ማጠቢያ እንዴት ያለ ነው» ትል ነበር። በል እኔ እዚህች ጥላ ሥር አረፍ ልበል። ምሳም ደርሷል። አንተ እንደፈለግህ።

ይርዳው፦ እንደቆምኩ ነኝ።

አስራደ፦ እህልስ? እህል እንኳ ቅመስ።

ይርዳው፦ ሽማግሌ መልስ ሳያገኝ እህል አይቀምስም።

አስራደ፦ ዛሬ ቅበላ ነው እኮ፣ አንተ ሰው! ነገ ሽሮ ነው፣ ከነገ ወዲያም ሽሮ ነው፣ እስከ ፋሲካ ሽሮ ነው!

ይርዳው፦ እሱን አታስታውሰኝ። ሚስቴ ጠዋት ቅቤ እያነጠረች «ይርዳው፣ ቀምሰህ ሂድ» ስትለኝ፣ «ከአስራደ ጋር በልቼ እመጣለሁ፣ ዛሬ እሺ ይለኛል» ብያት ነው የወጣሁት። ክዳኑን ስትከፍት ፊትህን ወደ ነፋሱ አዙር፤ ሽታው ወዲህ እንዳይመጣ።

አስራደ፦ ዶሮ ነው።

ይርዳው፦ ሳትነግረኝም አውቄዋለሁ።

አስራደ፦ ቆይ ቆይ። ይሄ ትልቁ ምሳ ዕቃ ነው። ለኔ የምትቋጥርበት ትንሹ ነው፤ ይሄ የእንግዳ ነው። እንቁላሉም ሁለት ነው! ለኔ ኮሌስትሮል አለብህ እያለች ግማሽ እንቁላል ነው እኮ የምትሰፍርልኝ። ማንኪያውም ሁለት።

ይርዳው፦ አብዝታልህ ይሆናላ፣ ቅበላ ነው ብላ።

አስራደ፦ ይሄ ከሥር በፌስታል የተጠቀለለውስ? ወገቤን ሲቆርጠኝ የዋለው ይሄ ነው ለካ… ጫማ!

ይርዳው፦ የምን ጫማ?

አስራደ፦ የስፖርት ጫማ። አዲስ። ግን ለኔ አይሆንም፣ የኔ እግር የሴት እግር ነው ትለኝ ነበር ጸዳለ፤ ይሄ ጀልባ ነው። አንተ፣ እግርህ ስንት ነው?

ይርዳው፦ አርባ አራት።

አስራደ፦ አርባ አራት ይላል።

ይርዳው፦ ባለፈው ሶስና እቤት መጥታ ደጅ የወለቀ ጫማዬን ገልብጣ ስታይ፣ ምን ልትሠራ ነው ብዬ ነበር።

አስራደ፦ ያልጠረጠረ ተመነጠረ! ከአውቶቡሱ ጀምሮ ይሄን ሁሉ ዳገት ተሸክሜ የወጣሁት ያንተን ጫማ ነው? የምሸሸውን ሰውዬ ጫማ?

ይርዳው፦ ጫማውን አላውቅም፣ እንጦጦ ማርያም ትመስክር። እዚህ እንደምትመጣ ግን የነገረችን እሷ ናት። «ቤት ከሆነ በር አለው፣ ያመልጣችኋል፤ ተራራ ላይ በር የለም» ብላ።

አስራደ፦ የገዛ ልጄ ሸጠችኝ!

ይርዳው፦ እንደዚያማ አትበል። አውቶቡሱ ውስጥ የኔን ወንበር ከአንተ ጎን ነበር የያዘችው፤ ስትመጣ ፊትህን በመስኮት አይቼ ነው ፈርቼ ወደ ኋላ የሸሸሁት። «ጋሽ ይርዳው፣ አደራ፣ ዛሬ ብቻ አይደለም፤ እኔ ስሄድ እሑድ እሑድ አብራችሁ ውጡ» ነው ያለችኝ።

አስራደ፦ «እኔ ስሄድ» አለች?

ይርዳው፦ አፏ ላይ አመለጣት። ወዲያው «ማለቴ፣ አባዬ እሺ ካለ» አለች። እንግዲህ እሱ ካንተ ጋር ነው።

አስራደ፦ ለዓመት ነው እኮ ያስመዘገበችኝ። «በየእሑዱ ነው አባዬ፣ እየለመድከው ትሄዳለህ» ስትለኝ፣ እኔ ጅሉ ስለ ደም ግፊቴ መሰለኝ።

ይርዳው፦ ስማ፣ አስተባባሪው ሰዓት ደርሷል፣ ውረዱ እያለ ነው። እኔም ደከመኝ። ለሌላ ቀን ቅጠረኝ፣ የፈረደብኝን እመጣለሁ። ልጁንም አንድ ነገር ብዬ አታልለዋለሁ።

አስራደ፦ ያን የተገነጠለ ይዘህ የት ትሄዳለህ? ይሄን አድርግ።

ይርዳው፦ ቆሜ እንዴት ላድርገው? ጎንበስ ስል ወገቤ፣ እግሬን ሳነሳ ጉልበቴ። ተወው፣ በካልሲዬ እወርዳለሁ።

አስራደ፦ በዚህ ጠጠር?

ይርዳው፦ ሻምበል አውቶቡስ ውስጥ፣ ጌጡ የማያውቀው ሰው ጋጣ ውስጥ፣ እኔ በካልሲ። አንተም ያልከው ይሄንኑ ነው፤ አንድ ሰው ሽማግሌ አይባልም። አላፊ አግዳሚ ነኝ። ላልፍ ነው።

አስራደ፦ ይርዳው።

ይርዳው፦ ምን?

አስራደ፦ ሬዲዮ ትወዳለህ?

ይርዳው፦ አልወድም። መኪና ውስጥም ዘግቼ ነበር የምነዳው። ምን ልትል ነው?

አስራደ፦ ምንም። በሉ ተቀመጡ፣ ሽማግሌዎች።